ተከራካሪ ያላየው ትውልድ፦ በኢንተርኔት የሚገኙ የዘር ሐረግ መዛግብትን ስለ መመዘን

(በባሕር ዳር ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ «ስለ ቅድመ አያቴ የተጻፈ ነገር ይገኝ ይሆን?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ስልካቸውን ከፍተው የተዘረጋ የትውልድ ሐረግ ያሳዩኝና «ይህን አግኝቻለሁ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ ሐረግ ከጎጃም ነገሥታት፣ አንዳንዱም ከጎንደር ነገሥታት ጋር ይገናኛል። ሌላው ደግሞ በባሕር ማዶ የሚኖር ዘመድ የሞላው፣ ስሞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ፣ የልደት ዘመናቸውም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያልተገለጸ ዝርዝር ነው።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የትውልድ መዝገብን ተአማኒ የሚያደርገው ማርጀቱ፣ በብራና ላይ መጻፉ ወይም በታወቀ ድረ ገጽ መውጣቱ አይደለም። መዝገቡ ለምን ጉዳይ እንደተዘጋጀና በተዘጋጀበት ጊዜ «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ ሊሟገት የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ ነው የሚወስነው። ይህን መመዘኛ ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም። የጣና ዙሪያና የጎጃም ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ትውልድ ሲቆጥር የኖረው በክርክር ፊት ነውና፣ ከዚያ እንነሣ።

የርስት ቆጠራ

በጎጃምና በበጌምድር ትውልድ መቁጠር የትዝታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የእርሻ መሬት ማግኛ መንገድ ነበር። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በመቁጠር ነው። ይህ ቀዳሚ ሰው ዋና አባት ይባላል። ከእርሱ በታች ያሉት፣ የመሬቱ ክፍልፋይ የሚጠራባቸው ደግሞ ምንዝር አባቶች ናቸው። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአባቱ በኩል ከአንድ ዋና አባት፣ በእናቱ በኩል ከሌላ፣ በአያቱ እናት በኩል ደግሞ ከሦስተኛ ሊቆጥር ይችላል። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረትም የዚህን ሥርዓት ጠባይ ያሳያል። መብቱ በይርጋ የማይታገድ ከሆነ አያት ያልጠየቀውን የልጅ ልጅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሊጠይቅ የሚችለው ግን መቁጠር ከቻለ ነው።

ይህን ሥርዓት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በደጋ ዳሞት ተቀምጠው ያጠኑት አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆበን ናቸው። መጽሐፋቸው በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔ ለዛሬው ጉዳይ ከዚያ ጥናት ሁለት ነገሮችን እወስዳለሁ። አንደኛው፣ ቆጠራው ሁልጊዜ ባላጋራ ነበረው። አዲስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር መሬቱን የያዙት ዘመዶች ድርሻቸው ይቀንስባቸዋል። ስለዚህ ጠያቂው የሚጠራውን እያንዳንዱን ስም የሚያውቅ፣ ስህተት የሚፈልግና በሽማግሌ ፊት የሚያጋልጥ ወገን አለ። ሁለተኛው፣ በክርክሩ ማሸነፍ የእውነት ብቻ ውጤት አልነበረም። ብዙ ወዳጅ፣ ሹመትና የመናገር ችሎታ ያለው ሰው ደካማ ቆጠራ ይዞ ሊረታ፣ ደሃው ትክክለኛ ቆጠራ ይዞ ሊረታ ይችል ነበር። ለመጀመሪያው «ረታ»፣ ለሁለተኛው «ተረታ» ማለቴ ነው።

ከዚህ በመነሣት የርስት ቆጠራ የቱ ላይ ጠንካራ፣ የቱ ላይ ደካማ እንደሆነ መለየት እንችላለን። ጠንካራ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች በሚያውቋቸው መካከለኛ ትውልዶች ላይ ነው። ደካማ የሚሆነው በጫፉ ላይ ነው። ዋናው አባት ስንት ልጆች እንደነበሩት የምናውቀው ብዙውን ጊዜ መሬቱ በስንት ከመከፈሉ ነው። መሬቱ በሦስት ከተከፈለ ሦስት ልጆች እንዲኖሩ ግድ ይሆናል። ሳይወልድ የሞተ፣ በልጅነቱ አገር ጥሎ የሄደ፣ ድርሻውን ያልጠየቀ ልጅ ግን ከሐረጉ ይወጣል። ስለዚህ በርስት ቆጠራ ውስጥ የአንድ ሰው ስም አለመኖሩ ሰውየው እንዳልነበረ አያስረዳም።

የርስት ቆጠራ አንድ ሌላ በጎ ጠባይም አለው። መብት በሴት በኩልም ስለሚተላለፍ የሴት አያቶችን ስም ይጠብቃል። ዛሬ በኢንተርኔት የምናያቸው ብዙዎቹ ሐረጎች ግን የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ስለሚከተሉ ሴቶቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ትውልድ በላይ ይጠፋሉ። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ኮምፒዩተሩ ጣለው ማለት ነው።

ሰባት ቤት

ከርስት ቀጥሎ ሁለተኛው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ልማዱ ይከለክላልና፣ ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ ለተመራማሪ እጅግ የሚጠቅም ነገር አለ። ርስት የሚፈልግ ሰው ዝምድናውን ማቅረብ ይፈልጋል፤ ማግባት የሚፈልግ ሰው ግን ዝምድናውን ማራቅ ይፈልጋል። የሁለቱ ጉዳዮች ጥቅም ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለርስት የተቆጠረውና ለጋብቻ የተቆጠረው አንድ ሆኖ ከተገኘ ያ ሐረግ ከብዙ መዛግብት የበለጠ ሊታመን ይገባል። ሁለቱ ከተለያዩ ደግሞ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚጀምር ማየት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የላላው ቀለበት እዚያ ይገኛል። ለምርምር ወደ ገጠር የምትሄዱ ተማሪዎች «አያትዎ የማን ልጅ ናቸው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ከእነማን ጋር አትጋቡም ነበር? ለምን?» ብላችሁም ጠይቁ።

የ1967 ዓ.ም. ድንበር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ የርስት ክርክርን ዘጋ። ስለ መሬት ፍትሕ ያስከተለውን ለሌላ ጊዜ እንተወው። ለትውልድ መዛግብት ግን የማይታለፍ ድንበር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ትውልድ የሚቆጥር ሰው ባላጋራ የለውም። «አባቴ የዚህ ዋና አባት ልጅ ነው» ቢል ከማንም ድርሻ አይቀንስም፤ ስለዚህም የሚያርመው አይኖርም።

ገበሬው ይህን ቆጠራ ምን ያህል ይጠብቀው እንደነበር የጎጃም ታሪክ ራሱ ያስረዳል። መንግሥት መሬት ለመለካትና በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ለማስከፈል ሲነሣ የጎጃም ገበሬ አመፀ። ለአመፁ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ አንዱ ግን ልኬቱ የርስትን ሥርዓት ያፈርሳል የሚል ስጋት ነበር።

እንግዲህ ከ1967 ዓ.ም. በፊት በክርክር የተነገረ ቆጠራና ከዚያ ወዲህ ለልጅ ልጅ የተተረከ ቆጠራ፣ ስሞቹ አንድ ቢሆኑ እንኳ፣ እኩል ክብደት የላቸውም። በኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ቤተሰባዊ ሐረጎች በአብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። አንድን ሐረግ ስታገኙ «ይህ ቃል መቼ ተነገረ? ለማን? በማን ፊት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የብራና ኅዳግ

«የተጻፈው አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። በጣና ደሴቶችና በዙሪያው ያሉ ገዳማትና አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍት አሏቸው። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥተዋል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀርጾ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ስብስብ ዝርዝር ዝግጅት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ከባሕር ዳር ሆኖ በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል።

ለትውልድ ፈላጊ ትልቁ ሀብት ዋናው ጽሑፍ ሳይሆን ኅዳጉ ነው። በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ የሹማምንትና የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። ውሉን ለማፍረስ የሚሞክር እንዲወገዝ መጽሐፉ ራሱ ዋስ ይሆናል። ምስክሮች የተጠሩበት፣ ጥቅም የተቆረጠበት ጽሑፍ በመሆኑ ክብደቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም አራት ወጥመዶች አሉበት።

የመጀመሪያው ስም ነው። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ነው። ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ በየደብሩ ብዙ ናቸው። የዓለም ስሙን ወይም ሹመቱን ወይም የአባቱን ስም ሳናገኝ «ይህ የእኔ ቅድመ አያት ነው» ማለት አንችልም።

ሁለተኛው «ወለደ» የሚለው ቃል ነው። በገዳማት መጻሕፍት ውስጥ ከአባ እንጦንስ ተነሥቶ በአባ ኢየሱስ ሞዓ በኩል ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚወርድ ሐረግ ይገኛል። እዚያ «ወለደ» ማለት አመነኮሰ፣ ቆብ ሰጠ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የመነኮሳትን ሐረግ ገልብጦ የሥጋ ትውልድ ያደርገዋል። በዓለማዊው ንግግርም «ልጅ» የልጅ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ ወይም የጡት ልጅ ሊሆን ይችላል። በጡት ልጅነት የተያዘ ሰው በሕዝብ ፊት እውነተኛ ልጅ ነው፤ የሥጋን ዝምድና ለሚፈልግ ተመራማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ ዓመተ ዓለምን፣ የንጉሡን የዘመነ መንግሥት ዓመት ወይም የወንጌላዊውን ስም ብቻ ሊጠቅስ ይችላል። «ዓመተ ምሕረት» የሚለውም በጥንት ጽሑፎች አንዳንድ ጊዜ ከ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር መጀመሪያ የሚቆጠር እንጂ የዛሬው አቆጣጠራችን አይደለም።

አራተኛው ፎቶግራፉ ነው። ፎቶ የብራናውን መፋቅ፣ የቀለሙን መለያየትና የእጁን መለወጥ ሁልጊዜ አያሳይም። የተፋቀ ስም ላይ ሌላ ስም ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሊቅ «በኋላ እጅ የተጨመረ» ብሎ ከመዘገበ ያንን ሳያነቡ ገጹን ብቻ መጥቀስ ምስክሩን ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

በጊዜ መቅረብም ይረዳል። የቆራጣዋን እናት የወለተ ጴጥሮስን ገድል ውሰዱ። በ1592 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ1642 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ ገድላቸውን ገላውዴዎስ የጻፈው በ1672 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳ ዓመት ማለት እርሳቸውን በዐይናቸው ያዩ መነኮሳይያት በሕይወት ያሉበት ዘመን ነው። ስለዚህ ገድሉ አባታቸው ባሕር ሰገድ፣ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ መሆናቸውን ሲናገር የምንሰማው ከቅርብ ነው። ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ከተጻፈ ገድል የሚገኝ ትውልድ ግን ይህን ያህል አይመዝንም።

ከአየርላንድ የምንማረው

በዓለም ላይ በኢንተርኔት ትውልድ ፍለጋ እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት፤ ከረኀብና ከድህነት የተሰደዱ ልጆቿ ዘሮች በየአህጉሩ አሉና። አየርላንድ ከእኛ የተሻለ የመዝገብ ባህል አላት። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል፤ የካቶሊክ አጥቢያዎችም የጥምቀት መዝገብ ይዘዋል። ሆኖም ሰኔ 1922 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነቱ መነሻ በደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ተቃጥሎ የመካከለኛው ዘመንና ያለፈው ቆጠራ ሰነዶች አብዛኞቹ ወደሙ። ከቃጠሎው በፊት ከተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 እ.ኤ.አ. ብቻ ናቸው።

ሁለቱን ቆጠራዎች ያስተያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያያል። በ1901 ሃምሳ ስምንት ዓመቷ የነበረች ሴት በ1911 ሰባ ሁለት ሆና ትገኛለች፤ በዐሥር ዓመት ዐሥራ አራት ዓመት አርጅታለች። ይህ በብዙ ቤት ይታያል። ምክንያቱ በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው የጡረታ ሕግ ነው፤ ሰባ ዓመት የሞላው አረጋዊ አበል ያገኛል፣ ከመንግሥት ምዝገባ በፊት የተወለደው ደግሞ የልደት ወረቀት የለውም። መዝገቡ ሐሰተኛ አይደለም፤ ቆጣሪው የተነገረውን ጽፏል። የተነገረው ግን ጥቅም ነበረበት። የእኛ ርስትና የእነርሱ ጡረታ አንድ ትምህርት ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ መዝገብ ሲጻፍ ምን ሊያስገኝ፣ ምንስ ሊያሳጣ እንደሚችል ሳናውቅ ልናነበው አንችልም።

በእኛ አገር ይህን የሚያስተካክል ተከታታይ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤተሰብ ስምና ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ የምዝገባው ክፍል ግን በዚያው ሕግ ቁጥር 3361 ሥራ ላይ ከመዋል ታገደ። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ገጠሬ የልደት ቀን በኢንተርኔት ላይ በቀንና በወር ተጽፎ ስታዩ ቀኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አንዳንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዳንዱ ለፓስፖርት የተሰጠ ግምት ነው።

በኢንተርኔት ላይ የሚደርሰው

ጄኒና ፋሚሊሰርች የተባሉትን የመሰሉ አገልግሎቶች ማንም ሰው የሚጨምርበት የጋራ ሐረግ አላቸው። ጥቅማቸው ትልቅ ነው፤ የተበታተነ ቤተሰብን ያገናኛሉ። ነገር ግን ሥርዓታቸው የተቀረጸው የቤተሰብ ስም ላለው ኅብረተሰብ ነው። የእኛን ሰው ሲመዘግቡ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ይህም አባትና ልጅ የተለያየ «ቤተሰብ» አባላት እንዲመስሉ፣ በአጋጣሚ አንድ የአያት ስም ያላቸው እንግዶች ደግሞ ዘመዶች እንዲመስሉ ያደርጋል።

በዚህ ላይ የስም ብዛት ይጨመራል። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ዓፄ ቴዎድሮስ ካሣ ኃይሉ ነበሩ፤ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ታጠቅ ናቸው። በዚህ ልማድ አንድ ሰው በሐረግ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ብላችሁ ብትፈልጉ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። ስለዚህ የአንድን ስም አጻጻፎች ሁሉ ሳትሞክሩ «አልተገኘም» አትበሉ።

የዓመቱም ነገር አለ። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻቸው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። አንዱ «1928» ብሎ አቆጣጠሩን ሳይገልጽ ቢጽፍ ሁለተኛው ስምንት ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው እንዳልተለወጠ ገምቶ ሌላ ስምንት ሊጨምር ይችላል። የማይጨው ዘመን ልጅ በዚህ መንገድ ከወንድሙ ልጅ ያንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መገልበጥ ነው። አንድ ሰው የጻፈውን ሃያ ሰዎች ወደየሐረጋቸው ሲወስዱት ሃያ ማስረጃ ይመስላል። ድሮ በሸንጎ ዳኛው ምስክሩን «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን?» ይለው ነበር። ከአንድ ሰው የሰሙ ሃያ ምስክሮች አንድ ምስክር ናቸው።

የነገሥታቱን ሐረግ በተመለከተ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚወርድ ይናገራሉ። ይህ የሥልጣን ሕጋዊነት መግለጫ ነው። ከይኩኖ አምላክ በፊት ያሉ የነገሥታት ዝርዝሮች ግን ከብራና ብራና ይለያያሉ። ዓፄ ቴዎድሮስም ከነገሡ በኋላ ወደ ሰሎሞን የሚያደርስ ትውልድ ተቆጥሮላቸዋል፤ ጠላቶቻቸው ደግሞ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሏቸው ነበር። ሁለቱም ቃል ጥቅም የወለደው ነው፤ ተመራማሪ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ሊጥል አይችልም።

በቁጥር መፈተን

ማንኛውም ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚችል ፈተና ላሳይ። አንድ ሐረግ አንድን የሃያ ዓመት ወጣት በሰባት ትውልድ ከዓፄ ፋሲል ያደርሰዋል እንበል። ዓፄ ፋሲል የተወለዱት በ1603 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሳቸው ልደት እስከ ወጣቱ ልደት ወደ 400 ዓመት ይሆናል። በትውልድ ከ25 እስከ 35 ዓመት ብንይዝ ከ11 እስከ 16 ትውልድ ያስፈልጋል። በሰባት ከሆነ እያንዳንዱ አባት በአማካይ በ57 ዓመቱ ወልዷል ማለት ነው። አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሰባቱም በተከታታይ ግን ሊሆኑ አይችሉም። የጠፉ ስሞች አሉ፣ ወይም ሐረጉ የተቀጠለ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የአያቶች ቦታ ይባዛል፤ በዐሥራ ሦስተኛው ትውልድ 8,192 ነው። ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ የተወለደ ሰው ከአንድ የጎንደር ንጉሥ መውረዱ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደንቀው እያንዳንዱን ቀለበት ማስረዳት መቻሉ ነው። «ሊሆን ይችላል» እና «ተረጋግጧል» የሚሉትን መለየት የሙያችን መጀመሪያ ነው።

ስለ ምን እንጨነቃለን?

ይህ ሁሉ የምሁራን ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን እስክትከለክል ድረስ ብዙ ሕፃናት ወደ ውጭ ሄደዋል። ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን የሚፈልጉት በእነዚሁ ሰነዶችና በዘረ መል ምርመራ ነው። የዘረ መል ምርመራ ወላጅን፣ ወንድምንና እኅትን በእርግጠኝነት ያሳያል። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ በአማካይ ስምንተኛውን እጅ ይጋራል፤ ከዚያ በኋላ ድርሻው በፍጥነት እያነሰ ስለሚሄድ ብቻውን ስም ሊሰጥ አይችልም። በሰነድ ላይ «ወላጆቹ ሞተዋል» የሚል ቃል ለሚያነብ ልጅ ቃሉን ማን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ፊት እንዳስመዘገበው ማወቅ እናትን ከማግኘትና ካለማግኘት ጋር የተያያዘ ነው።

የውርስ ጉዳይም አለ። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ከመስጠቱ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ጥሪ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም፤ የድሮው የርስት ሸንጎ ጥበብ በዚያ ውስጥ አለ። በመጨረሻም፣ ዘር የጠብ ምክንያት በሆነበት ዘመን ማንም ሰው የራሱን ሐረግ «ንጹሕ»፣ የጎረቤቱን «መጤ» የሚያደርግ ሥዕል በአንድ ምሽት ሠርቶ ሊያሰራጭ ይችላል። በአባትም በእናትም የሚቆጥረው የአገራችን ልማድ ግን አንድ ሰው በብዙ በሮች የሚገባ ዘመድ እንደሆነ ሲያስተምር ኖሯል።

የምትሠሩት ሥራ

ለተማሪዎቼ የማሳስባቸውን በአጭሩ ልድገም። አንድን ሐረግ ስታገኙ አምስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ቃል የማን ነው? መቼ ተነገረ ወይም ተጻፈ? ለምን ጉዳይ? ሊቃወም የሚችል ሰው ነበር ወይ? ዓመቱና የትውልዱ ቁጥር ይስማማሉ ወይ? መልስ ያላገኛችሁለትን ቀለበት አታጥፉት፤ «ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበትና በቦታው ተዉት።

ሽማግሌ ስትጠይቁ ደግሞ አንድን ብቻ አትጠይቁ። ከሌላው ወገን፣ ከተጣላው ቤት፣ በእናት በኩል ከሚዛመደው ጠይቁ። ከተቻለ አንድ ላይ አስቀምጧቸው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «የለም፣ እርሷ የታናሽየው ልጅ ናት» ይላል። ያን ጊዜ መቅረጫችሁን አታጥፉ። በርስት ሸንጎ የቆሙ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ በቆራጣ፣ በዘጌ፣ በደጋ ዳሞትና በየመንደሩ ጥቂቶች ቀርተዋል። የሚያውቁትን በክርክር የተፈተነ ቆጠራ ሳንመዘግብ ካለፉ በኢንተርኔት ላይ ያለውን የምናመዛዝንበት ነገር አይኖረንም። የሚመጣውን ክረምት ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትሄዱ ይህን ሥራ እንድትጀምሩ እጠይቃችኋለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።